የዛር ፈረስና የፊልም ተዋናይት

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገበት ቀን ነው። በዚያው ዕለት፣ ማርች 4 ቀን 1975 እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን «ትሪሎጂ ኦፍ ቴረር» የተሰኘ አስፈሪ ፊልም አሳየ። ሁለቱን ከቀኑ በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። የፊልሙ ታሪክ ግን ለጎንደር ሰው ብዙም እንግዳ አይሆንም።

ዳን ከርቲስ ያዘጋጀው ፊልም ሦስት አጫጭር ታሪኮችን ይዟል፤ ሁሉም የሪቻርድ ማቲሰን ናቸው። በሦስቱም ዋናዋ ተዋናይት ካረን ብላክ ናት። በሁለተኛው ሁለት እህትማማቾችን ስለምትሆን በድምሩ አራት ሴት ትጫወታለች። ከተመልካች አእምሮ ያልጠፋው ሦስተኛው ነው። አሚሊያ የምትባል ሴት ለወዳጇ ስጦታ የገዛችው አሻንጉሊት ውስጥ የአዳኝ መንፈስ ታስሯል። የታሰረበት ሰንሰለት ሲወድቅ አሻንጉሊቱ ነፍስ ዘርቶ ቢላ ይዞ ያሳድዳታል። እሳት ውስጥ ከትታ ታቃጥለዋለች፤ መንፈሱ ግን እሷ ላይ ይሰፍራል። መጨረሻ ላይ ጥርሷን አግጥጣ፣ ወለሉን በቢላ እየወጋች እናቷን ትጠብቃለች።

መንፈስ የሰፈረበት ሰው እኛ ዘንድ ስም አለው፤ የዛር ፈረስ ይባላል።

ፊልሙ ከመታየቱ ከ40 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1932 እ.ኤ.አ.፣ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌይሪስ በማርሴል ግሪዮል ከሚመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ቡድን ጋር ጎንደር ገባ። በአስተርጓሚው በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እየታገዘ የባለዛሯን የመልካም አየሁን ቤት ለወራት ተመላለሰበት። መልካም አየሁ ላይ የሚሰፍሩት ዛሮች ብዙ ነበሩ። አንዱ የሃይማኖት ሰው፣ አንዱ የጦር ሰው፣ አንዷ ደግሞ ገረድ ናት። ዛሩ ሲለወጥ ድምፅዋም፣ አኳኋኗም፣ አለባበሷም አብሮ ይለወጣል። ሌይሪስ ያየውን በ1958 በመጽሐፍ ሲያወጣ ነገሩን ከቲያትር ጋር አነጻጸረው፤ የሚጫወቱት ሳይሆን የሚኖሩት ቲያትር ነው አለ።

ንጽጽሩ ብልህ ነው፤ ግማሹን ግን ይስታል። ካረን ብላክ ካሜራው ሲቆም ወደ ቤቷ ትሄዳለች። መልካም አየሁ ዘንድ ቤቱ ራሱ መድረክ ነው፤ ሕክምና ቤትም ነው። በሽተኛ ደጇ ይመጣል፣ ሰው ለፈውስ ይማጠናታል። ደግሞም በዚያ ዘመን ሴት በራሷ አንደበት የማትናገረውን ትእዛዝ በዛሩ አንደበት ስትናገር ወንዱም ቁጭ ብሎ ይሰማል። የሆሊውዷ ሴት መንፈስ ሲሰፍርባት ጭራቅ ትሆናለች፤ የጎንደሯ እመቤት ትሆናለች። በካረን ብላክ ላይ የደረሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ለኦስካር የታጨች ተዋናይት ሆና ሳለ፣ ከዚያ ፊልም በኋላ የአስፈሪ ፊልም ሴት የሚል ስም ተለጥፎባት ቀረ።

ሌይሪስም ተመልካች ብቻ ሆኖ አልቀረም። ለዛሮቹ የሚታረድ በሬ አቅርቧል። በ1934 ባሳተመው የጉዞ ማስታወሻው ላይም፣ ዛር ያደረባቸውን ከማጥናት ይልቅ እሱ ራሱ ቢያድርበት እንደሚመርጥ ጽፏል።