በእሸቱ ሥር ያለው እሳት

ፈረንጆች «በጋችን ገባ» ብለው በየግቢያቸው ሥጋ በሚጠብሱባቸው ወራት እኛ ክረምት ላይ ነን። ክረምታችንም የራሱ ጥብስ አለው። ነሐሴ ጋመስ ሲል በስምጥ ሸለቆው አስፋልት ዳር፣ በተለይም ከሻሸመኔ በስተ ሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው አርሲ ነገሌ፣ የበቆሎ እሸት በፍም ላይ ይገላበጣል። ሥጋ የለበት፣ ቅቤ አልነካው፣ ጨው እንኳ ግድ አይለው። «ሥጋ ያልበላ ሰው ተፈጥሮን አልበደለም» የሚል አንድ ወዳጅ አለኝ፤ በነገሩ በግማሹ እስማማለሁ። ስለ ሌላው ግማሽ ግን የዚህች ከተማ ጥብስ ታሪክ የሚለው አለው።

በቆሎ ባላገር መስሎ ይታየናል እንጂ እንግዳ ነው። የተወለደው ከዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በፊት በሜክሲኮ ምድር ሲሆን፣ ወደ እኛ የደረሰው ኮሎምበስ አሜሪካን ከረገጠ በኋላ ነው። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል «የባሕር ማሽላ» መባሉ ይህንኑ ይመሰክራል፤ አባቶች ከባሕር ማዶ የመጣውን ነገር በስሙ ላይ ጽፈው ያስቀምጡ ነበርና። ባሕር ዛፍም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ በዙሪያዋ ያለውን ደን አንድዳ ስትጨርስ፣ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ነው ያስተረፋት። አንዱ የባሕር ልጅ የሚጠበስ፣ ሌላው የባሕር ልጅ የሚነድ ሆነው በአንድ ምድጃ ዙሪያ መገናኘታቸው ይገርመኛል።

እሸቱ በነገሌ እንዲህ መወደዱን በጣዕሙ ብቻ የሚተረጉም ሰው አንድ ነገር ይቀርበታል። በሀገራችን ሥጋ ወዳጅን ከወዳጅ ይለያል። ክርስቲያኑ የእስላሙን እርድ፣ እስላሙም የክርስቲያኑን አይበላም፤ በሠርግና በለቅሶ ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ድስት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ፍልሰታ አለ፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ድረስ ሕፃናት ሳይቀሩ ከሥጋና ከወተት ይርቃሉ። ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ጴንጤው ጎን ለጎን በሚኖሩባት ከተማ፣ ቢላ ያልነካው ጥብስ ሁሉንም በአንድ ፍም ዙሪያ ያቆማል። ባራኪ አይሻም፤ «ማን አረደው?» ብሎ የሚጠይቅም የለም። እኔ ከዚህ የተሻለ የጋራ ማዕድ በዚያ መንገድ ላይ አላየሁም።

እንግዲህ ስለ እሳቱ። ገበሬው እሸቱን በማሳው ሲጠብስ የሚያነድደው ያምናውን አገዳና የተፈለፈለውን ቆረቆንዳ ነው፤ አዝመራው ራሱን በራሱ ይጠብሳል ማለት ይቻላል። ቆረቆንዳ ግን ፈጥኖ ይነድዳል፣ ፍሙም አይበረክትም፣ ጭሱም ዓይን ያስለቅሳል። ጥብሱ ከማሳ ወጥቶ አስፋልት ዳር ገበያ ሲሆን ሻጯ ሌላ እሳት አስፈለጋት፤ ጭስ ደንበኛ ያባርራል፣ አውቶቡስም ፍሙ እስኪቀጣጠል አይጠብቅም። ከሰል የገባው በዚህ በር ነው። ቀላል ነው፣ በማዳበሪያ ታጭቆ ይሸከሙታል፣ ሲያራግቡት ወዲያው ይቀላል።

ከሰል ግን ውድ እሳት ነው፤ በብር አላልሁም። እንጨቱ ተከምሮ አፈር ይለብሳል፣ አየር ተነፍጎትም ለቀናት ይጤሳል። በዚህ በተለመደው የአፈር ክምር ከ100 ኪሎ እንጨት የሚወጣው ከሰል ከ10 እስከ 20 ኪሎ ቢሆን ነው፤ የቀረው ጢስ ሆኖ ይሄዳል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ደግሞ በኦሮምኛ ዸዳቻ የሚባለው ጃንጥላ መሳይ ግራር ነው፤ እንጨቱ ደንዳና ስለ ሆነ ፍሙ ይቆያል። ደንዳና የሆነውም ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ነው።

ከነገሌ በስተ ምዕራብ ያለው የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ከግማሽ በላዩ ውኃ ነው። የታሰበውም በዋናነት ለውኃ አዕዋፉ፣ በተለይም በሻላ ደሴት ላይ ለሚራቡት ነጭ ይብራዎች ነበር። የብሱ ግን የግራር አገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ጥበቃው ላልቶ መጥረቢያው በረታ፤ ከዚያም በኋላ እርሻው፣ ከብቱና የከሰል ክምሩ ተራ በተራ ገቡ። በአንድ ወቅት ጥላ የነበረው ሜዳ ዛሬ ሰፊ ክፍሉ ገላጣ ነው።

ይህን ሁሉ በእሸት ሻጯ ላይ መጫን ግፍ ነው። የነገሌ ስም ከሁሉ በፊት የሚነሣው በአረቄዋ ነው፤ አረቄ አውጪዎቹ ባብዛኛው ሴቶች ሲሆኑ፣ ጋኑ ሥር የሚነድደው እንጨት ከምሥራቁ የሙኔሳ ደን በአህያ ሲወርድ ኖሯል። ከሰሉም ቢሆን ባብዛኛው የሚሄደው ወደ ትልልቅ ከተሞች ቡና ማፍያ ነው። የእሷ አንድ ምድጃ ፍም ከዚያ ጋር ሲተያይ ምን አላት? ነገር ግን ከአንድ ዛፍ የሚቆረጡ ናቸው፤ ወዳጄ የዘነጋው ይህን ይመስለኛል። ከምጣዱ በላይ ያለውን ጾም አየ፣ ከምጣዱ በታች ያለውን ግን አላየም።

መላው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሰራጨው ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ከሰሉን ሩብ ያህል ይቆጥባል፤ ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራው ምርጥ ምድጃ ደግሞ ከሦስት ጉልቻ አንጻር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ምድጃ ሳይሆን ገርቢ የሚባለው ዛፍ ነው። ገርቢ እንደ ሌላው ዛፍ አይደለም፤ ክረምት ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል፣ በበጋ ይለመልማል። ስለዚህ በቆሎው ፀሐይ በሚሻበት ወራት አያጠላበትም፣ የረገፈውም ቅጠል አፈሩን ያዳብርለታል። የስምጥ ሸለቆ ገበሬ ከጥንትም በማሳው መካከል ይተወዋል፤ ግንዱን ሳይነካ ቅርንጫፉን መልምሎ ያነድዳል፤ እርሱም መልሶ ያቆጠቁጣል። በነገሌ ዙሪያ ባሉ ማሳዎች ዛሬም ነጠላ ነጠላ ሆኖ ይታያል፤ እሸቱም በሥሩ ይደርሳል።