እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ ቃል ከየት አመጣው?

የካቲት 23/2014 ዓ.ም. ናይሮቢ፣ ጊጊሪ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቅጥር ግቢ የተሰበሰቡ የ175 አገራት ተወካዮች የፕላስቲክ ብክለትን የሚያስቆም፣ ሕጋዊ አስገዳጅነት ያለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲዘጋጅ ወሰኑ። የውሳኔው እንግሊዝኛ ርዕስ አንድ መስመር ተኩል ቢሆን ነው። ቃላቱ ግን ከአንድ አገር የመጡ አይደሉም።

“ኢንድ” (ማስቆም) እና “ባይንዲንግ” (አስገዳጅ) የጥንቶቹ አንግሎ ሳክሰኖች ቃላት ናቸው። “ፕላስቲክ” ሥሩ ግሪክ ነው። “ፖሉሽን” (ብክለት)፣ “ሊጋሊ” (በሕግ) እና “ኢንስትሩመንት” (ሰነድ) ከላቲን የመጡ ናቸው። “ኢንተርናሽናል” (ዓለም አቀፍ) የሚለውን ደግሞ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከላቲን ሥሮች ገጣጥሞ የፈጠረው ነው።

እንግሊዝኛ የቃላት ሀብቱ የበዛው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። አዲሱን ሲቀበል አሮጌውን አይጥልም።

መነሻው በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜን አውሮፓ ወደ ብሪታኒያ የተሻገሩ ነገዶች ይናገሩት የነበረ የጀርመናውያን ቋንቋ ነው። በ597 ከሮም የተላኩ መነኮሳት ክርስትናን ሲሰብኩ የላቲን ቃላትን ይዘው ገቡ። ቀጥለው የመጡት ቫይኪንጎች “ስካይ” (ሰማይ) እና “ሎው” (ሕግ) የሚሉትን ብቻ ሳይሆን “ዜይ” (እነርሱ) የሚለውን ተውላጠ ስም ሳይቀር ተዉለት። አንድ ቋንቋ ተውላጠ ስም ከሌላው መዋሱ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1066 ነው። ከፈረንሳይ የተነሡት ኖርማኖች እንግሊዝን ድል አድርገው ያዙ፤ ለሦስት መቶ ዓመታት ገደማም የቤተ መንግሥቱና የችሎቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ገበሬው ግን በቋንቋው ቀጠለ። በመስክ የምትግጠው ላም እስከ ዛሬ በገበሬው ቃል “ካው” ስትባል፣ በጌታው ገበታ ላይ የሚቀርበው ሥጋዋ በፈረንሳይኛው “ቢፍ” የሚባለው ለዚህ ነው። በግም “ሺፕ” ነው፤ ሥጋው “መተን”።

በዚያ ላይ የህዳሴው ዘመን ሊቃውንት ከላቲንና ከግሪክ ሌላ ድርብርብ ጨመሩበት። እንግሊዛዊ ተራ ጥያቄ ሲጠይቅ “አስክ” ይላል፤ ጠበቅ ሲል ከፈረንሳይኛ “ክዌስችን”፣ ፖሊስ ተጠርጣሪን ሲመረምር ደግሞ ከላቲን “ኢንተሮጌት”። ሦስቱ አንድ ዓይነት ድርጊት ቢሆኑም ክብደታቸው ይለያያል።

ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ላቲን ለእንግሊዝኛ የሆነውን ግዕዝ ለአማርኛ ሆኖታል። “ነጭ” እያለ “ጸዐዳ”፣ “ቀን” እያለ “ዕለት” መኖሩ የዚሁ ታሪክ ቅጂ ነው። “ሱቅ” ከዐረብኛ፣ “ቢሮ” ከፈረንሳይኛ፣ “ካቻቪቴ” ከጣልያንኛ ገብተዋል።

ልዩነቱ እንግሊዝኛ መርከብና ጦር የነበረው የንጉሠ ነገሥት ግዛት ቋንቋ መሆኑ ነው። በሄደበት ሁሉ ቃል ሰብስቧል። ስዋሂሊ ከዐረብኛ የወረሰው “ሳፋሪ” (ጉዞ) በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ገባ። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም በ2022 ከምሥራቅ አፍሪካ እንግሊዝኛ የተሰበሰቡ ቃላትን አክሏል፤ የናይሮቢ ነዋሪ ከሻይ ጋር የሚበላው “ማንዳዚ” ከእነርሱ አንዱ ነው።

እንግሊዝኛ ከዓለም ቋንቋዎች ሁሉ የበለጠ ቃላት አሉት የሚለው የተለመደ አባባል ግን ጥንቃቄ ይሻል። በ1989 በ20 ቅጽ የታተመው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በአገልግሎት ላይ ያሉ 171,476 ቃላትን እና ከአገልግሎት የወጡ 47,156 ቃላትን ይዟል። የአማርኛን ቁጥር ከዚህ አጠገብ ማስቀመጥ ግን ሁለት የተለያዩ መስፈሪያዎችን ማነጻጸር ነው። “ሰበረ” ከሚለው አንድ ግሥ “ተሰበረ”፣ “አሰበረ”፣ “ሰባበረ”፣ “ስብራት”፣ “ስብርባሪ”፣ “አሰባበር” ይወለዳሉ። የአማርኛ መዝገበ ቃላት እነዚህን በአንድ ሥር ሥር ሰብስቦ ሊያሰፍር ይችላል፤ ታዲያ አንድ ናቸው ወይስ ሰባት?

መቁጠር ደግሞ ቆጣሪ ይፈልጋል። የኦክስፎርዱ ሥራ በ1857 ታስቦ የመጀመሪያው እትም የተጠናቀቀው በ1928 ሲሆን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኛ አንባቢያን ከየመጽሐፉ ቃል እየለቀሙ በፖስታ ልከውለታል። የአማርኛ ታላላቅ መዛግብተ ቃላት ግን የተሰማ ሀብተ ሚካኤል (1951 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) ዓይነት ግለሰቦች የዕድሜ ልክ ድካም ፍሬ ናቸው። በየገጠሩ የሚነገር፣ ማንም ያልመዘገበው የእርሻ፣ የከብትና የሽመና ቃል ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ሲወርድ ቋንቋው ይደኸያል፤ የሚቆጥርለት ስለሌለ ግን መደኽየቱ እንኳ አይታወቅም።

ጊጊሪ ላይ ጉዳዩ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ የመንግሥታት ጉዳይ ይሆናል። የድርጅቱ ይፋዊ ቋንቋዎች ስድስት ናቸው፦ ዐረብኛ፣ ቻይንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ሩሲያኛና ስፓኒሽ። አማርኛም ሆነ የአገሩ ስዋሂሊ የለበትም። ረቂቆች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሚሠሩ አዲስ ጽንሰ ሐሳብ ስሙን ቀድሞ የሚያገኘው በእንግሊዝኛ ነው። የሚገርመው፣ ከዚያ ሁሉ የቃል ክምችት መካከል ተደራዳሪዎችን ሌሊቱን የሚያስመሹት አጫጭርና ጥንታዊ ቃላት መሆናቸው ነው። “ሻል” የተባለ አንቀጽ አገራትን ሲያስገድድ “ሹድ” የተባለው ይመክራል፤ አማርኛ ይህን ልዩነት “ያደርጋል” እና “ሊያደርግ ይገባል” እያለ ለማስተላለፍ ይሞክራል።

ግንቦት 14/1984 ዓ.ም. እዚያው ናይሮቢ ላይ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት የመጨረሻ ጽሑፍ ጸድቋል። “ባዮዳይቨርሲቲ” የሚለው ቃል ያኔ ከተፈጠረ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር፤ ከግሪኩ “ሕይወት” እና ከላቲኑ “ልዩ ልዩነት” የተሰፋ ነው። አማርኛ ቃሉን እንዳለ አልወሰደውም። ከግዕዝ ሁለት ቃላት አንሥቶ “ብዝኃ ሕይወት” አለ፤ ዛሬ የመንግሥት ተቋም፣ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ በዚሁ ስም ይጠራል። በፕላስቲኩ ድርድር ለሚነሣው “ማይክሮፕላስቲክ” ግን እስካሁን የረጋ ስም የለም። አንዳንዱ እንዳለ ይጽፈዋል፤ ሌላው “ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣት” ይለዋል።