የጀሪካኑ ጎመን

ወገኖቼ፤ ሐርጌሳ ያላችሁም፣ አገር ቤት ያላችሁም። ይህን የምጽፈው እህቴ ከደሴ ደውላ «ጎመን በጀሪካን ውሃ በቀለ? እባክህ አትቀልድ» ስላለችኝ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናው እስኪፈላ አንብቡት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እዚህ ያላችሁ እንደምታውቁት፣ ሁለት ዓመት የደከምንበት የጋራ ጓሮ አምና ከእጃችን ወጣ። ባለመሬቱ ሸጠው፤ መብቱ ነው። ድንጋዩን የለቀምነው እኛ፣ ፍግ የተሸከምነው እኛ፣ ትተነው ወጣን። በመጨረሻው ቀን አንዲት እናታችን ቢላዋ ይዘው መጡና የጎመኑን የጎን ቡቃያና የስኳር ድንቹን ሐረግ እየቆረጡ በውሃ ባልዲ ውስጥ ከተቱት። እኔ ሳቅሁ። ዛሬ የምንበላው ከዚያ ባልዲ የወጣውን ነው።

እናታችን አዲስ ነገር አልፈጠሩም። የወላይታ ገበሬ ስኳር ድንችን የሚተክለው ሐረጉን ቆርጦ ነው። በጋ ሲመጣ ሐረጉ እንዳይደርቅበት ጓሮው ርጥበት ያለበት ቦታ ላይ ያቆየዋል፤ ሐረጉ ከጠፋበት ዝናቡ ሲመጣ የሚተክለው የለውም። ቅጠሉ ደግሞ እንደ ጎመን ይበላል፤ እኛ አገር ብዙ ሰው አልለመደውም እንጂ።

አፈሩን መተው ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ1860ዎቹ ዩልየስ ሳክስና ቪልሄልም ክኖፕ የተባሉ ጀርመናውያን ተክል አፈሩን ራሱን እንደማይበላ አሳዩ። የሚፈልገው በውሃ የሟሙ ማዕድናትን ነው፦ ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስ፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሰልፈር፣ ጥቂት ብረትና ሌሎችም በጥቂት በጥቂቱ። ለረጅም ጊዜ ይህ የላቦራቶሪ ሥራ ብቻ ሆኖ ቆየ። በ1929 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ዊልያም ገሪክ በዚሁ መንገድ ለገበያ የሚሆን ምርት ማምረት ይቻላል አለ። ከቤት ጣሪያ የሚበልጥ ቲማቲም አብቅሎ ጋዜጦችን ጉድ አሰኘ። «ሃይድሮፖኒክስ» የሚለውን ስም በ1937 ያስተዋወቀው እሱ ነው። ቀመሩን ግን ለዩኒቨርሲቲው አልሰጥም አለ።

ዩኒቨርሲቲው ሆግላንድና አርኖን የተባሉ ሁለት ባለሙያዎችን እንዲያጣሩ አዘዘ። እነሱም በ1938 ቀመሩን ከነመጠኑ ለሕዝብ አሳተሙት። የደረሱበት ውጤት ግን ሞቅ ያለውን ወሬ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት፦ በውሃ የበቀለ ተክል በጥሩ አፈር ላይ ከበቀለው አይበልጥም። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ጥሩ አፈር ያለህ ሰው አትድከም፤ ይህ ዘዴ አፈር ለሌለው ሰው ነው።

ቀጥሎ የተሠራበትን ቦታ እዩ። በዚያው ዘመን በፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ባለችው ዌክ ደሴት የፓን አሜሪካን አየር መንገድ ለተሳፋሪዎቹ አትክልት በውሃ አበቀለ። በ1945 የአሜሪካ ጦር አሰንሽን በምትባለው ደረቅ ደሴት ላይ በጠጠር መደብ እንዲሁ አደረገ። በእኛ ዘመን ደግሞ አልጄሪያ በረሃ ውስጥ፣ ቲንዱፍ አጠገብ ባሉት የሰሃራውያን ስደተኞች ካምፖች፣ ጣሌብ ብራሂም የተባለ ራሱ ስደተኛ የሆነ የግብርና መሐንዲስ ገብስ ያለ አፈር አብቅሎ ለፍየሎች መኖ አደረገው። ፍየሏ ስትጠግብ ልጁ ወተት ያገኛል።

እኛ ሰፈር «ኤዶ» የምንላቸው ሶማሌ ጎረቤቴ ጀሪካኖቹን ሲያዩ ስለ ሐርትሼክ አነሱልኝ። በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ሕዝቡ በእግሩ ወደ እኛ አገር ተሰደደ፤ ጅግጅጋ አጠገብ ያለው የሐርትሼክ ካምፕ ያኔ ነው የተከፈተው፣ እስከ 2004 ቆየ። ሜዳ ነው፣ ውሃ የለውም፤ የሚጠጣው ከጀረር ሸለቆ በቦቴ ይጫን ነበር። ኤዶ አንድም ቅጠል አላበቀልንም አሉኝ፤ በወረፋ የተገኘ ውሃ ለአፈር አይፈስም። ትላንት እሳቸው እኛ ዘንድ፣ ዛሬ እኛ እሳቸው ዘንድ።

እዚህም ውሃ በአህያ ጋሪ ገዝተን ነው። ለዚህ ነው የተዘጋው ጀሪካን የሚያዋጣው፤ ወደ መሬት የሚሰርግ ውሃ የለም፣ ሥሩ የጠጣውን ብቻ ትሞላለህ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሦስት አራት አንጓ ያለው ቁራጭ፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ተነቅለው በንጹሕ ውሃ ይቀመጣል፤ ውሃው በየሦስት ቀኑ ይቀየራል። የስኳር ድንች ሐረግ ፈጥኖ ሥር ያወጣል። ጎመን ግን ያስቸግራል፣ ከአሥሩ አራቱ በስብሰውብናል። ሥር ካወጣ በኋላ ባዶ ውሃ አይበቃውም፤ በውሃ የሚሟሟ የተሟላ ማዳበሪያ ያስፈልገዋል። ዩሪያ ብቻ ጨምረን አንድ ሙሉ ረድፍ አቃጥለናል፣ እናንተ አትድገሙት። ውሃውን እስከ አፉ አትሙሉት፣ ሥሩ አየር ይፈልጋል። ብርሃን ከገባ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ ቀዳዳ ከተተወ ትንኝ ይራባበታል።

እህቴ፣ ይህ ጎመን የዛሬ ሦስት ዓመት በመንገደኛ የላክሽው ዘር ነው። ከዚያ ወዲህ ዘር አልዘራንም፤ እየቆረጥን ነው የቀጠልነው። እሁድ ጠዋት እንደገና ጫፍ እንቆርጣለን። ሐርጌሳ ያላችሁ፣ ጀሪካናችሁን በጥቁር ጨርቅ ጠቅልላችሁ ኑ።