ካሊፍ «አጥፍቻለሁ» አልልም አለ

ስሙኝማ፣ የኒውዮርኩን ልጅ የካሊፍ ብራውደርን ነገር ልንገራችሁ።

ዘመኑ በፈረንጆቹ 2010 ነው። ካሊፍ ገና 16 ዓመቱ፣ የብሮንክስ ልጅ። ማታ ከጓደኛው ጋር ወደ ቤቱ ሲሄድ ፖሊሶች አስቆሙት። ቦርሳ ሰርቀሃል አሉት። ፈተሹት፤ ቦርሳ የለም። ቢሆንም ወሰዱት። ፍርድ ቤቱም 3,000 ዶላር ዋስ ጠየቀ። ቤተሰቡ ከየት ያምጣው?

ቆዩማ፣ ዋናውን ነገር ዘለልኩት። ልጁ ፕሮቤሽን ላይ ነበር፤ ማለት ወህኒ ሳይወርድ፣ ቤቱ ሆኖ በሕግ ዓይነ ቁራኛ የሚጠበቅ። ቀደም ሲል ልጆች የዳቦ ማመላለሻ መኪና ነድተው ሲያጋጩ እኔ ቆሜ ከማየት በቀር አልነካሁም ይል ነበር፤ ግን የሚያምነኝ የለም ብሎ ጥፋተኛ ነኝ አለ። የቦርሳው ክስ ሲመሠረት ያቺው ቃሉ ተመዘዘችበት፤ ዋስትናው ጭራሽ ተከለከለ።

ራይከርስ ደሴት እስር ቤት አወረዱት። ሳይፈረድበት ሦስት ዓመት ገደማ ታሰረ፤ ሁለቱን ዓመት ያህል ለብቻው ተዘግቶበት። ችሎት ይቀርባል፣ ዓቃቤ ሕግ አልተዘጋጀንም ይላል፣ ሌላ ቀጠሮ። በ2013 ዳኛዋ «ጥፋትህን እመንና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ» የሚል ሐሳብ አቀረቡለት። እምቢ አለ! ቤት፣ እናት፣ አልጋ ከፊቱ ተደቅኖለት እምቢ ብሎ ወደ ወህኒው ተመለሰ። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ አንዴ የሰጠው ቃል ዋስትናውን አስከልክሎት ስለነበር ነው፤ ሁለተኛውን ቃል በገዛ አፉ አልሰጥም አለ።

በዚያው ዓመት ክሱ ወደቀና ተፈታ። ግን ምን ዓይነት መፈታት! በገዛ ቤቱ ክፍሉን ዘግቶ ሲንጎራደድ ይውላል። ቴሌቪዥኑ ያየኛል ብሎ አውጥቶ ጣለው። ሆስፒታል ይገባል፣ ይወጣል። ያም ሆኖ ኮሌጅ ገብቶ ይማር ነበር፤ ታሪኩንም ለጋዜጠኛ ተናገረ፤ ብዙ ሰው ሰማው። በሰኔ 2015፣ በ22 ዓመቱ፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

ከተማው በ2014 መጨረሻ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆችን ለብቻ መዝጋት አቁሞ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ቬኒዳ ግን በዚህ አልረኩም፤ በ2016 እስኪያርፉ ድረስ የልጃቸውን ነገር በየመድረኩ ሲናገሩ ኖሩ። ከተማው ለቤተሰቡ 3.3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው በ2019 ነው።