የካንተርበሪ ተሳላሚዎች

ካንተርበሪ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንት ግዛት የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ናት። ከሮም የተላከው መነኩሴ አውግስጢኖስ በ597 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኬንት ንጉሥ በኤተልበርት ፈቃድ መንበሩን በዚያ ተከለ። እንግዳ ተቀብሎ ማስተናገድ የከተማዋ መተዳደሪያ የሆነው ግን ከአንድ ግድያ በኋላ ነው።

ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት ወንጀል የሠሩ ካህናት በማን ችሎት ይዳኙ በሚለው ክርክር ከንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ጋር ተቃቃረ። ዲሴምበር 29 ቀን 1170 የንጉሡ አራት ባላባቶች እዚያው ካቴድራሉ ውስጥ በሰይፍ ገደሉት። ሕዝቡ ወዲያው ሰማዕት አለው፤ ሮምም በ1173 ቅድስናውን አወጀች። በማግስቱ ዓመት ንጉሡ ራሱ በባዶ እግሩ ወደ መቃብሩ ሄዶ በመነኮሳቱ እጅ ተገረፈ።

በዚያው ዓመት የካቴድራሉ ምሥራቃዊ ክፍል በእሳት ጋየ። ፈረንሳዊው ግንበኛ የሳንሱ ዊልያም ያኔ ለእንግሊዝ እንግዳ በነበረው በጎቲክ ስልት ሥራውን ጀመረ፤ ከመወጣጫ እንጨት ወድቆ በመጎዳቱ ግን ሌላ ሰው ጨረሰለት። በ1220 የሰማዕቱ ፍልሰተ ዐፅም ሲከበር ሣጥኑ በወርቅና በዕንቁ ተሸፍኖ በአዲሱ ክፍል ተቀመጠ። ተሳላሚው ስለቱን አግብቶ ሲመለስ ደሙ ነክቶታል የተባለ ጸበል በትንሽ ብልቃጥ ይይዝ፣ የቤኬት ምስል ያለበትን ምልክትም ልብሱ ላይ ይሰካ ነበር። የካቴድራሉ ገዳም ከጸሎቱ ሌላ ገበያውንም ያውቅበት ስለነበር የራሱን የእንግዳ ማደሪያ አሠርቷል። ጄፍሪ ቾሰር በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ታዋቂ ተረቶቹን የጻፈው ወደ ካንተርበሪ በሚጓዙ ተሳላሚዎች አፍ ነው።

ሄንሪ 8ኛ በ1538 መቃብሩን አስፈርሶ ሀብቱን ወደ ግምጃ ቤቱ አስገባ። የተሳላሚው ገበያ ሲደርቅ ከተማዋን የደገፏት በሃይማኖታቸው ምክንያት ተሰደው የመጡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሸማኔዎች ናቸው፤ በካቴድራሉ ምድር ቤት የጸሎት ቦታ ተሰጥቷቸው ነበር።

በ1942 የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። ዘመቻው የሚጠራው ቤዴከር በተባለው የጀርመን የቱሪስት መምሪያ መጽሐፍ ስም ነው፤ ዒላማ የተደረጉት በታሪካቸው የታወቁ ከተሞች ነበሩና። የመሐል ከተማው ብዙ ክፍል ቢወድምም ካቴድራሉ ተረፈ። ዩኔስኮም በ1988 በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

ዛሬ ሕንፃውን ለማየት የሚገባ ቱሪስት ትኬት ይቆርጣል፤ ለቅዳሴና ለጸሎት የመጣ ሰው ግን አይከፍልም።