ወተቱ ወይስ መልሱ ይቀድማል?

መሰላ ወይም ጭሮ አካባቢ ጥሬ ወተት ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ደስ የሚል የጭስ ጠረን ዕቃው በወይራ ስለታጠነ ነው። ለሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጭሱ የባክቴሪያን መራባት ያዘገያል። ግን ወተቱ ውስጥ ሳልሞኔላ ቢኖር አፍንጫችሁ አይነግራችሁም።

ላብራቶሪ ይነግራችኋል፤ ችግሩ ቀናት መፍጀቱ ነው። ጀርመናዊው ዩሊየስ ፔትሪ በ1887 (እ.ኤ.አ.) ባለ ክዳን ሳህኑን ካስተዋወቀ ወዲህ ዋናው ዘዴ ባክቴሪያውን አሳድጎ ማየት ነው። ለሳልሞኔላ እስከ 5 ቀን ሊወስድ ይችላል። ጠዋት የተገዛ ወተት ደግሞ ማታ የለም!

በ1983 ስዊድናውያኑ ሊድበርግ፣ ኒላንደርና ሉንድስትሮም ስስ የብረት ሽፋን ላይ ፕሮቲኖች ሲጣበቁ በብርሃን መከታተል እንደሚቻል አሳዩ። ዛሬ ሽፋኑ አብዛኛውን ጊዜ ወርቅ ነው። የሚፈለገውን ባክቴሪያ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ይለጠፍበትና ከሥር ብርሃን ይበራበታል። በአንድ ማዕዘን ላይ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን ይደበዝዛል። ባክቴሪያው ሲያዝ ያ ማዕዘን ፈቀቅ ይላል፤ መሣሪያው የሚያነበው ይህችን ፈቀቅታ ነው። በደቂቃዎች!

ወተት ግን አስቸጋሪ ነው። ስቡና ፕሮቲኑ ወርቁ ላይ እየተለጠፈ ያሳስታል። ባክቴሪያው ጥቂት ከሆነም ቀድሞ ለሰዓታት ማሳደግ የግድ ይሆናል። ከቀናት ሰዓታት ይሻላሉ፤ እስከዚያው ወተቱን አፍሉት።