ከአዱሊስ እስከ አክሱም፤ በቀን ጉዞ ስለ ተለካው ጥንታዊ መንገድ የቀረበ ሐተታ

ስለ አክሱም የሚጻፉ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ነገራቸውን የሚጀምሩት ከሐውልቶቹ ነው። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ወደ ከተማይቱ የሚገባ እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እነርሱን ነውና። ይሁን እንጂ ሐውልት የቆመበትን ስፍራ ያመለክታል እንጂ ሰውና ጭነት ወደዚያ ስፍራ የመጡበትን መንገድ አይናገርም። አክሱም ከባሕር ርቃ በደጋ ላይ የተሠራች ከተማ ስትሆን፣ ሀብቷና ዝናዋ በአብዛኛው ከባሕር ንግድ የተገኘ ነበር። በከተማይቱና በወደቧ በአዱሊስ መካከል ደግሞ ከ2000 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚያስወጣ ተራራ አለ። እንግዲህ የዝሆን ጥርሱም፣ የወርቁም፣ ከባሕር ማዶ የመጣው የወይን ጠጅም ይህን ተራራ ያቋረጠው በሰው እግርና በእንስሳት ጀርባ ነው። በዚህ ጽሑፍ የጥንት ጸሐፊዎች ስለዚህ መንገድ የሰጡትን የቀን ቍጥር እንመረምራለን፤ ቍጥሩም በትክክል ቢነበብ ዛሬ ፍርስራሻቸው ብቻ የቀረውን ጥንታዊ ማረፊያዎች ለይቶ ለማወቅ እንደሚረዳ ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከሁሉ የሚቀድመው ምስክር «የኤርትራ ባሕር ፔሪፕሉስ» የተባለው የግሪክኛ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በ1ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ የተጻፈ ሲሆን፣ ስሙ ያልታወቀው ጸሐፊ በግብፅ ይኖር የነበረና የባሕሩን ንግድ በሚገባ የሚያውቅ ሰው እንደ ነበረ ከአጻጻፉ ይታወቃል። እርሱ እንደሚለው አዱሊስ ከባሕሩ 20 ስታዲያ ያህል ገባ ብላ የምትገኝ ናት። ከአዱሊስ ተነሥቶ ቆሎኤ እስከምትባለው የደጋ ከተማና የመጀመሪያይቱ የዝሆን ጥርስ ገበያ ድረስ የ3 ቀን መንገድ ነው፤ ከቆሎኤ እስከ አክሱም ደግሞ የ5 ቀን መንገድ ነው። ድምሩ 8 ቀን ይሆናል።

ከዚህ በኋላ 500 ዓመት ያህል ቈይተው የተነሡት ሁለት ምስክሮች ግን ሌላ ቍጥር ይሰጣሉ። በንጉሠ ነገሥት ዩስጢኒያኖስ ዘመን የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ከአዱሊስ እስከ አክሱም የ12 ቀን ጉዞ ነው ይላል። በዚያው ዘመን መልእክተኛ ሆኖ ወደ አክሱም የተላከው ኖኖሶስ ግን 15 ቀን ነው ይላል። የኖኖሶስ መጽሐፍ ራሱ ጠፍቷል፤ የቍስጥንጥንያው ፓትርያርክ ፎትዮስ በ9ኛው መቶ ዓመት የጻፈው አጭር መግለጫ ግን ደርሶናል። እንግዲህ በአንድ መንገድ ላይ 8፣ 12 እና 15 የሚሉ ሦስት ቍጥሮች አሉ ማለት ነው። አንዱን መርጦ ሁለቱን እንደ ስሕተት መጣል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሦስቱም እውነተኛ ሊሆኑ የሚችሉበት ምክንያት አለ።

የቀን ጉዞ የማይለዋወጥ መለኪያ አይደለም። ባለ በቅሎ ብቻውን ሲገሠግሥ የሚሄደው መንገድና ሲራራ ነጋዴ አጋሰሱን እየነዳ የሚሄደው መንገድ እኩል ሊሆን አይችልም። ሲራራው የሚጓዘው በደካማው እንስሳ እርምጃ ልክ ነው፤ የሚያድረውም ውኃና ሣር ካለበት ስፍራ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አዱሊስን ያየው ነጋዴ ኮስማስ ስለ ሌላ መንገድ ሲጽፍ ይህንኑ ገልጾታል። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዥ አማካይነት ወርቅ ወደሚገኝበት ወደ ሳሱ ሰዎችን ይልክ ነበር፤ ከእነርሱም ጋር ብዙ ነጋዴዎች ስለሚቀላቀሉ ጠቅላላው ቍጥራቸው ከ500 ይበልጥ ነበር። በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ፤ ከስፍራው ሲደርሱም የእሾህ አጥር አጥረው በዚያ ውስጥ ይሰፍራሉ። ደርሶ ለመመለስ 6 ወር ይፈጅ ነበር። በሚሄዱበት ጊዜ ስለ ከብቶቹ ሲሉ ቀስ ብለው ይጓዛሉ፤ በሚመለሱበት ጊዜ ግን ክረምቱ በመንገድ ላይ እንዳይደርስባቸው ይፈጥናሉ። አንድ ጉባኤ በአንድ መንገድ ላይ ሲሄድና ሲመለስ ሁለት ዓይነት የቀን ጉዞ ነበረው ማለት ነው። የሲራራን ሥርዓት፣ የነጋድራስንም ሥልጣን የሚያውቅ የአገራችን ሰው በዚህ አነጋገር አይደነግጥም።

ኖኖሶስም ስለ ወቅቱ አንድ ታላቅ ነገር ትቶልናል። ፀሐይ በሸርጣን፣ በአሰድና በሰንቡላ በምትመላለስበት ጊዜ ከባሕሩ አንሥቶ አውኤ እስከምትባል ስፍራ ድረስ ደረቅ በጋ እንደ ሆነ፣ ከአውኤ እስከ አክሱም ግን ጽኑ ክረምት እንደ ሆነና ከቀትር በኋላ ደመናና ዝናም እንደሚበረታ ገልጿል። ይህ ትክክል ነው፤ የባሕሩ ዳርቻ ዝናሙን የሚያገኘው ደጋው በጋ በሚሆንበት ጊዜ ነውና። መልእክተኛው ስለ ክረምቱ የከሰዓት ዝናም እንዲህ አጥርቶ ከተናገረ፣ 15 ቀን የፈጀበት ጉዞ በጭቃና በሞላ ወንዝ የተደረገ ሳይሆን አይቀርም። የመልእክተኛ ጓዝም እንደ ነጋዴ ጓዝ ቀላል አይደለም። ስለዚህ 8ቱን ቀን በደኅና ወቅት መንገዱን ለምዶ ለሚመላለስ ነጋዴ፣ 15ቱን ቀን ደግሞ ለክረምት እንግዳ ብንሰጠው ምስክሮቹ እርስ በርሳቸው አይጣሉም።

ይህን ካልን በኋላ ወደ ፍርስራሾቹ እንመለስ። የፔሪፕሉስ ቆሎኤ የት ናት? ሊቃውንት ሁለት ስፍራዎችን ሲያመለክቱ ቈይተዋል፤ አንደኛው ቆሓይቶ ሲሆን ሁለተኛው በሰንዓፈ አጠገብ ያለው መጠራ ነው። በካርታ ላይ ቀጥታ መስመር ብንዘረጋ፣ ከአዱሊስ እስከ ቆሓይቶ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከቆሓይቶ እስከ አክሱም 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በፔሪፕሉስ ቀኖች ሲካፈል ሽቅቡ በቀን 17፣ ደጋው ግን በቀን 22 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሰዋል። በመጠራ በኩል ስናሰላው ከአዱሊስ 70፣ ወደ አክሱም 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መንገደኛው ሽቅቡን በቀን 23፣ ደጋውን በቀን 19 ኪሎ ሜትር ተጓዘ ማለት ነው። ጭነት የያዘ ሰው ተራራ ሲወጣ ፈጥኖ፣ ከደጋው ላይ ሲደርስ ዘግይቶ ይሄዳል ማለት ለአእምሮ አይመችም። በ1867 በዙላ የወረደው የእንግሊዝ ጦር ከባሕሩ እስከ ሰንዓፈ የተከተለው የሸለቆ መንገድ ከ60 ማይል የሚበልጥ ነበር፤ ይህን በ3 ቀን ከነጭነት መውጣት እጅግ ከባድ ነው። መጠራ በቤቶቿ ብዛትና ጥራት ታላቅ ከተማ መሆኗን ፍራንሲስ አንፍሬ ከ1959 ጀምሮ ያደረገው ቍፋሮ አስረድቷል፤ የቀኑ ቍጥር ግን ለቆሓይቶ ይመሰክራል።

በዚሁ ዘዴ አውኤንም መመርመር ይቻላል። በ1893 አክሱምን የጐበኘው ቴዎዶር ቤንት ይሓን የጥንቷ አውኤ አድርጎ ቈጥሯት ነበር፤ ከእርሱም በኋላ ይህን አሳብ የደገሙ አሉ። ነገር ግን ኖኖሶስ አውኤ በአዱሊስና በአክሱም መካከል እኩሌታው ላይ እንደምትገኝ ይናገራል፤ 5000 ያህል ዝሆኖች በአንድ ሜዳ ሲሰማሩ ያየውም በዚያ አካባቢ ነው። ይሓ ደግሞ ከአክሱም በቀጥታ መስመር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የምትርቅ በመሆንዋ፣ ከአዱሊስ የመጣ መንገደኛ ከመንገዱ አምስት እጅ አራቱን ፈጽሞ የሚደርስባት ስፍራ ናት። ከዚህም በላይ አውኤ የበጋና የክረምት ድንበር ነበረች፤ ይሓ ግን ሙሉ በሙሉ በክረምቱ ደጋ ውስጥ ናት። ስለሆነም አውኤን ከደጋው ጫፍ፣ ቆላውና ደጋው ከሚገናኙበት ገደል አቅራቢያ መፈለግ ይገባል።

ከአዱሊስ ወደ አክሱም የሚሄደውን መስመር ስንከተል ፍርስራሾቹ በዘፈቀደ የተበተኑ አለመሆናቸውን እናያለን። ቆሓይቶ፣ ቶኮንዳ፣ ከስከሰ፣ መጠራ፣ ደብረ ዳሞና ይሓ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተከታትለው ይገኛሉ። በ2009 በይሓ አካባቢ የተገኘችውና ግኝቷ በ2019 በሰፊው የታተመው ቤተ ሰማዕቲ የተባለችው ጥንታዊት ከተማም በዚሁ አቅጣጫ ላይ ናት፤ በውስጧም በ4ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ተገኝቷል። ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የይሓ ታላቅ ቤተ ጣዖት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራ ነው፤ ከስከሰም በሳባ ፊደል የተጻፈባቸው ጥንታውያን ሐውልቶች አሏት። እንግዲህ መንገዱ ከአክሱም መንግሥት ይቀድማል፤ አክሱም አስቀድሞ ሰው ይመላለስበት በነበረ መንገድ መጨረሻ ላይ ገነነች እንጂ መንገዱን እንደ አዲስ አልፈጠረችውም።

የአክሱም ነገሥታትም የመንገድን ዋጋ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ኮስማስ በአዱሊስ ከገለበጣቸው ጽሑፎች በአንዱ፣ ስሙ የጠፋ ንጉሥ ከግዛቱ እስከ ግብፅ ድረስ በየብስ የሚኬድበት መንገድ እንዲኖር ማድረጉን እንደ ጦር ድሉ ቈጥሮ ይናገራል። የንጉሥ ዒዛና ጽሑፍም 4400 የቤጃ ሰዎች ከአገራቸው ወደ ሌላ ስፍራ ሲጓዙ በየቀኑ 22000 እንጀራ ይሰጣቸው እንደ ነበርና ጉዞው 4 ወር እንደ ፈጀ ይገልጻል። ይህ ሁሉ መንገድ፣ ስንቅና ማረፊያ የመንግሥት ዋና ጉዳይ እንደ ነበሩ ያስረዳል።

በዘመናችን ይህን መስመር በደንብ ያጠኑት በ1906 የመጡት የጀርመን ልዑካን ናቸው። የቡድኑ መሪ ኤኖ ሊትማን ሲሆን፣ ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የሕንፃ ባለሙያዎች፣ ኤሪክ ካሽከ ሐኪም ነበሩ። ከአስመራ ተነሥተው በጥር ወር አክሱም ገቡ፤ የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ ሥላሴም በክብር ተቀበሏቸው። ሥራቸውን ፈጽመው ሲመለሱ በይሓ፣ በደብረ ዳሞ፣ በመጠራ፣ በቶኮንዳና በቆሓይቶ በኩል አለፉ። በ1913 በበርሊን በ4 ቅጾች የታተመው ሥራቸው ዛሬም የማይታለፍ ነው። ይሁን እንጂ ጥረታቸው በይበልጥ በየሕንፃው ላይ ያተኰረ ነበር፤ በሕንፃና በሕንፃ መካከል ያለው ሰዓት፣ ምንጭና ሰፈር ለብቻው የተጠና አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ይህን ማድረግ እየከበደ መጥቷል። በ1911 አስመራ የደረሰው የባቡር ሐዲድና በኋላ የተሠራው የመኪና መንገድ የባሕሩን ጉዞ ሁሉ ወደ ምጽዋ ስላዞሩት፣ ከዙላ የሚወጣው የእግር መንገድ ተረሳ። ከ1993 ጀምሮ መንገዱ በሁለት መንግሥታት ግዛት ውስጥ ይገኛል። ከ1998 እስከ 2000 በተደረገው ጦርነት የመጠራ ሐውልት በኢትዮጵያ ጦር ይዞታ ሥር በነበረበት ጊዜ በፈንጂ ተመትቶ ወደቀ፤ ለዚህም ጉዳት የሁለቱ አገሮች የካሣ ኮሚሽን በ2004 ኢትዮጵያን ተጠያቂ አድርጓል። ሐውልቱ በኋላ ተጠግኖ ቆሟል። በ2018 የተከፈተው ድንበር ብዙ ሳይቈይ ተዘጋ፤ ከ2020 እስከ 2022 የተደረገው ጦርነትም በዚሁ አገር ላይ ወረደ።

ድንጋዩ ቢወድቅ እንደ መጠራው ሐውልት ሊነሣ ይችላል። የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ፣ የትኛው ገደል ለተጫነ በቅሎ እንደሚመች፣ ሲራራው በየትኛው ሜዳ ያድር እንደ ነበር የሚያውቁ ሽማግሌዎች ግን በየዓመቱ እያለፉ ነው። ስለዚህ ጥናቱ በሁለቱም ወገን፣ በየበኩሉ ሊደረስበት በሚችለው ክፍል ሳይውል ሳያድር ሊጀመር ይገባዋል። ተማሪዎች በቡድን ሆነው፣ የአገሩን ሽማግሌዎች መሪ አድርገው፣ ከአንዱ ፍርስራሽ እስከ ሌላው በእግር ይጓዙ፤ ሰዓቱን፣ ውኃውን፣ የሰፈሩን ስም ይጻፉ፤ አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በክረምት ይሞክሩት። ቆሎኤና አውኤ የት እንደ ነበሩ የሚቈርጠው ክርክር ያን ጊዜ ከካርታ ወደ መሬት ይወርዳል፤ የፔሪፕሉስ 8 ቀንና የኖኖሶስ 15 ቀንም በሰው እግር ይመዘናሉ።